ለስኑከርና ለፑል ዱላ ትክክለኛውን ቲፕ መምረጥ፣ መትከልና ማቆየት

«አይረባም» ተብሎ ጥግ ላይ ከተወረወረ ዱላ ብዙው ጤነኛ ነው። ያረጀው፣ የደረቀው ወይም በዘፈቀደ የተለጠፈው ጫፉ ላይ ያለው ቆዳ፣ ቲፑ ነው። ከዱላው ሁሉ ነጯን ኳስ የሚነካት እሱ ብቻ ነው፤ የሚነካትም ለአንድ ወይም ለሁለት የሰከንድ ሺህኛ ያህል ነው። በዚያች ቅጽበት እንዳይንሸራተት የሚቀባውን ጠመኔ ይዞ ኳሷን ካልጨበጠ፣ የክንድ ጥበብ የሚያመጣው ነገር የለም።

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ቲፕ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የቱ ማርክ ይሻላል?» ብሎ ነው። ማርክ የመጨረሻው ጥያቄ ነው። መጀመሪያ የዱላው ጫፍ ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ፣ ቀጥሎ በምን ዓይነት ኳስ እንደምትጫወቱ፣ ከዚያ ዱላውን አንድ ሰው ወይስ መንደሩ ሁሉ እንደሚይዘው፣ ከዚያም ጥንካሬው ይታያል። እነዚህ ከታወቁ በርካሽ የተገዛ ቲፕ በደንብ ተተክሎ፣ በውድ ተገዝቶ በችኮላ ከተለጠፈው ይበልጣል።

መጀመሪያ መለካት

የስኑከር ዱላ ጫፍ ከ9 እስከ 10 ሚሊሜትር ነው፤ አብዛኛው 9.5 አካባቢ ላይ ይውላል። በትንንሽ ቀይና ቢጫ ኳስ ለሚጫወቱት የእንግሊዝ ፑል የሚሠራው ዱላ ቀጭን ነው፣ 8 ወይም 8.5። ቁጥር ለተጻፈባቸው የአሜሪካን ፑል ኳሶች የሚሠራው ደግሞ ከ12 እስከ 13 ይደርሳል። ልዩነቱ ለጌጥ አይደለም። የስኑከር ኳስ ውፍረቱ 52.5 ሚሊሜትር ሲሆን የአሜሪካን ፑል ኳስ 57.15 ሚሊሜትር ነው፣ ክብደቱም ከፍ ይላል። ቀጭን የስኑከር ጫፍ ይዞ የፑል ኳሶችን በኃይል መበተን ቲፑንም፣ ከቲፑ ሥር የእንጨቱን ጫፍ የያዘውን የነሐስ ቀለበትም በጊዜ ይጨርሳል። እዚህ አካባቢ ፑል ከስኑከር ይልቅ በብዛት ስለሚጫወትና በአንድ ቤት ውስጥ የተለያዩ ዱላዎች ስለሚቀላቀሉ፣ «የስኑከር ነው» ብሎ የሚሸጠውን ሰው ከማመን መለካት ይሻላል።

ካሊብሮ ያለው ጋራዥ ወይም ቶርኖ ቤት በደቂቃ ይለካላችኋል። ከሌለ ቀጭን የወረቀት ቁራጭ በነሐስ ቀለበቱ ዙሪያ አንድ ጊዜ አጥብቃችሁ ጠቅልሉ፣ የተደራረበበትን ቦታ በሹል እርሳስ ምልክት አድርጉና ዘርግታችሁ በማስመሪያ ለኩ። ያገኛችሁትን ለ3.14 አካፍሉ። ዙሪያው 28 ሚሊሜትር ገደማ ከሆነ ጫፉ 9 ነው፤ 30 ከሆነ 9.5፤ 31.5 ከሆነ 10፤ 41 ከሆነ 13። ልኬቱ ከቀለበቱ የላይኛው ጠርዝ ይወሰድ፤ ዱላው ወደ ታች እየወፈረ ስለሚሄድ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ የተለካ ያሳስታል።

የሚገዛው ቲፕ ከቀለበቱ በግማሽ ሚሊሜትር የሚበልጥ ይሁን፤ ለ9.5 ቀለበት 10፣ ለ9 ቀለበት 9.5። ትርፉ ከተለጠፈ በኋላ ይከረከማል። ከቀለበቱ ያነሰ ቲፕ ግን ማስተካከያ የለውም፤ የነሐሱ ጠርዝ ይጋለጥና ከዳር ለመምታት ስትሞክሩ ብረቱ ኳሷን ይነካል። ኳሷ ትፋቃለች፣ ምቱም ይበላሻል።

ወጥ ወይስ ድርብርብ

ገበያ ላይ ያሉት የቆዳ ቲፖች ሁለት ዓይነት ናቸው። ወጡ ከአንድ ወፍራም ቆዳ ተቆርጦ የተጠቀጠቀ ነው። በሰፊው የሚታወቀው የአሜሪካው ትዊተን ኩባንያ የሚያወጣው ሰማያዊው ኤልክ ማስተር ሲሆን፣ ብዙ የስኑከር ተጫዋቾች በእሱ ነው የሚያድጉት። ድርብርቡ ስስ የቆዳ ንጣፎች አንዱ በአንዱ ላይ ተጣብቀው የሚሠራ ነው፤ የጃፓኖቹ ሞሪና ካሙይ ከዚህ ወገን ናቸው።

ድርብርቡ ዋጋው ብዙ እጥፍ ይበልጣል። በምላሹ የሚሰጠው እኩልነት ነው፤ ዛሬ የገዛችሁትና ከወራት በኋላ የምትገዙት ሁለት «መካከለኛ» ቲፖች ይቀራረባሉ፣ ቅርጻቸውንም ረዘም ላለ ጊዜ ይይዛሉ። ድክመቱ ንጣፎቹ መላቀቅ መቻላቸው ነው። በተለይ ሲከረከም ምላጩ ደነዝ ከነበረ ከዳር መሰንጠቅ ይጀምራል። የወጡ ጥቅም ዋጋውና ለስላሳ አመታቱ ሲሆን፣ ጉዳቱ በአንድ ሳጥን ውስጥ ያሉት 50 ፍሬዎች የተለያየ ጥንካሬ ያላቸው መሆናቸው ነው። አንዱ እንደ ላስቲክ፣ ሌላው እንደ ጠጠር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወጥ ቲፕ የሚገዛ ሰው መምረጥ መቻል አለበት። አመራረጡ ከታች ይመጣል።

ወሎ ውስጥ ሳይነገር የማይታለፍ አንድ ነገር አለ፤ ድርብርብ ቲፖች በብዛት የሚሠሩት ከአሳማ ቆዳ ነው። ለሙስሊሙ ተጫዋች ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም፣ የማይመቸው ክርስቲያንም አለ። ከጎሽ ቆዳ የሚሠሩ ድርብርቦች ስላሉ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ወይም ሻጩን መጠየቅ ነው። ቲፑ ለጋራ ዱላ ከሆነ ደግሞ ባለ ቤቱ አስቀድሞ ቢያውቀው ጥሩ ነው።

ኮምቦልቻ የቆዳ ፋብሪካ ያለባት ከተማ በመሆኗ «ለምን እዚሁ ከቆዳ አንቆርጥም?» የሚል አይጠፋም። የጫማና የጃኬት ቆዳ ስስና እንዲለጠጥ ተደርጎ የተለፋ ነው፤ ቲፕ የሚፈልገው ከአራት ሚሊሜትር በላይ ውፍረት ያለው፣ ተጠቅጥቆ የታመቀ ቆዳ ነው። ከጫማ ቆዳ የተቆረጠ ቲፕ ጥቂት ጨዋታ ላይ ይጨፈለቅና እንደ እንጉዳይ ባርኔጣ ጠርዙ ይረግፋል። የጫማ ሶል ቆዳ ይሻላል እንዳይባልም በጣም ደረቅ ስለሆነ ጠመኔ አይዝም።

ጥንካሬውን መምረጥ

ለስላሳ ቲፕ ጠመኔ በደንብ ይይዛል፣ ድምፁ የታፈነ ነው፣ ኳሷን በቀስታ ለመግፋትና ለማስቆም ይመቻል። ግን ይጨፈለቃል፣ በየጊዜው ቅርጹ መስተካከል አለበት፣ ዕድሜውም አጭር ነው። ጠንካራ ቲፕ ብዙ እንክብካቤ አይፈልግም፣ ምቱም ፈጣን ነው፤ ጠመኔ ቶሎ ስለሚራገፍለት ግን ዳር ስትመቱ ይሸራተታል።

«ለስላሳ ቲፕ ኳስ ያሽከረክራል» የሚለው አባባል በየፑል ቤቱ ይሰማል፣ ግማሹ ብቻ ነው እውነቱ። የኳሷን መሽከርከር የሚወስነው በዋናነት ከመሃሏ ምን ያህል ርቃችሁ እንደመታችኋት ነው። ለስላሳው የሚጠቅመው ጠመኔ ስለያዘ ሳይሸራተት ራቅ ብላችሁ እንድትመቱ በማስቻሉ ነው። ለዚያም ወሰን አለው፤ ከኳሷ መሃል እስከ ዳሯ ካለው ርቀት ግማሹን ሲያልፍ የትኛውም ቲፕ ይሸራተታል። በስኑከር ኳስ ይህ ከመሃል ወደ 13 ሚሊሜትር፣ በአሜሪካን ፑል ኳስ ወደ 14 ሚሊሜትር ይሆናል። ከዚያ አልፎ የሚመታ ሰው ቲፑን ከመውቀስ አመታቱን ቢያስተካክል ይበጀዋል።

የራሱ ዱላ ያለውና ስኑከር የሚጫወት ሰው ከለስላሳ እስከ መካከለኛ ይያዝ። ጀማሪ መካከለኛ ይያዝ፤ በጣም ለስላሳው በየቀኑ ስለሚለዋወጥ ስህተቱ የእጁ ይሁን የቲፑ ለመለየት ያስቸግረዋል። ፑል የሚጫወትና በኃይል የሚበትን ሰው መካከለኛ ወይም ጠንከር ያለ ይፈልጋል። ቀኑን ሙሉ ከእጅ እጅ የሚዞር የፑል ቤት ዱላ ላይ ውድ ለስላሳ ቲፕ መትከል ገንዘብ መጣል ነው፤ እዚያ መካከለኛ ወጥ ቲፕ ይበቃል። መካከለኛ ላይ ስድስት ወር የቆየ ሰው «ለስላሳ ልሞክር» ቢል መብቱ ነው፣ በየሳምንቱ ማቀያየር ግን እጅን ያደናግራል።

ከሳጥን ውስጥ መምረጥ

ወጥ ቲፕ ስትገዙ፣ ከተቻለ አንድ በአንድ ለማየት ፍቀዱልኝ በሉ። መጀመሪያ ጎናቸውን ተመልከቱ፤ የተሰነጠቀ፣ ፀጉር ያወጣ ወይም በአንድ ወገን የሳሳ ካለ ይውጣ። ቀጥሎ በአውራ ጣት ጥፍር ጎኑን ጫን በሉ። ጥፍሩ በቀላሉ ገብቶ ምልክቱ ካልተመለሰ በጣም ለስላሳ ነው፤ ጨርሶ ካልገባ ጠንካራ ነው። ሦስተኛው የድምፅ ፈተና ነው። ቲፑን ከአንድ ስንዝር ከፍታ በመስታወት ወይም በሴራሚክ ላይ ጣሉት። የታፈነ «ዱፕ» ካለ ለስላሳ፣ ጥርት ያለ «ቂል» ካለ ጠንካራ ነው። አሥር ያህሉን ተራ በተራ ስትጥሉ ጆሮ ልዩነቱን ይለምዳል። ድምፃቸውና ውፍረታቸው የሚመሳሰለውን ሦስት አራት ፍሬ አንድ ላይ ግዙ፣ አንዱ ሲያልቅ ተመሳሳዩ በእጃችሁ ይኖራል።

በጣም ለስላሳ የሆኑትን መጥቀጥቀጥ ይቻላል። ቲፑን በሁለት ለጥ ያሉ ብረቶች መሃል አድርጋችሁ በሞርሳ ያዙትና ሩብ ዙር፣ ሩብ ዙር እያላችሁ አጥብቁ። ስድስት ሚሊሜትር የነበረው አራት ተኩል ገደማ ሲደርስ አቁሙና ሌሊቱን እንዳለ ተዉት። ሲፈታ ትንሽ ይመለሳል። በአንዴ በኃይል ከተጫነ ግን ውስጡ ይፈረካከሳል፤ ችግሩም በዓይን የሚታየው ከተለጠፈ በኋላ ነው።

የምትፈልጉት እዚህ ሳይገኝ ቀርቶ ከአዲስ አበባ ሰው ልታስልኩ ከሆነ «ቲፕ አምጣልኝ» ብቻ አትበሉ። መልእክቱ እንዲህ ይሁን፦ «ለስኑከር ዱላ፣ 10 ሚሊሜትር፣ ወጥ ቆዳ፣ ለስላሳ ወይም መካከለኛ፣ 5 ፍሬ፣ በሙጫ የሚለጠፍ እንጂ ጥርስ ያለው አይደለም»። የመጨረሻዋ ካልተጻፈች ብዙ ጊዜ የሚመጣው የሚጠመዘዘው ነው። የታዋቂ ማርኮች አስመሳይ ስላለ ዋጋው ከሚገባው በታች ከሆነ ስሙን ረስታችሁ በጥፍርና በድምፅ ፈትኑት።

መትከል

የሚያስፈልጉት፦ ስለታም ካተር ወይም አዲስ ምላጭ፣ ቁጥር 120፣ 240 እና 400 ብርጭቆ ወረቀት፣ ለጥ ያለ መስታወት፣ ወፈር ያለ ሱፐር ግሉ፣ ፕላስተር፣ ንጹሕ ጨርቅ።

አሮጌውን ቲፕ ከቀለበቱ ጠርዝ ትንሽ ከፍ ብላችሁ ቁረጡት፤ የቀረውን ቆዳና ሙጫ ቀስ እያላችሁ ፋቁት። በእሳት ማሞቅ ከቲፑ ጋር የቀለበቱን ሙጫም ያለቅቃል፣ እንጨቱንም ያጠቁራል። ከዚያ ቁጥር 240ውን ወረቀት መስታወቱ ላይ ዘርጉና ዱላውን ቀጥ አድርጋችሁ በትንሹ አዙሩ። እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያዋጣል። የስኑከር ዱላ ቀለበት አብዛኛውን ጊዜ መሃሉ ክፍት ነው፤ ከላይ ስታዩት ዙሪያው ነሐስ፣ መሃሉ እንጨት ነው። ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። እንጨቱ ከነሐሱ ከፍ ካለ ቲፑ ይወላወላል፤ ዝቅ ካለ ደግሞ መሃሉ ባዶ ሆኖ ሙጫው የሚይዘው ጠርዙን ብቻ ነው፣ በጠንካራ ምት ይነቀላል። የማስመሪያ ጠርዝ አጋድማችሁ ወደ ብርሃን ያዙት። በመሃል ብርሃን ካሳለፈ ገና ነው። ነሐሱን በሞረድ አትንኩት፤ ቀለበቱ ባጠረ ቁጥር የዱላው ዕድሜ ያጥራል።

የቲፑም የታችኛው ወገን ለጥ ይበል። ቁጥር 240 ላይ በጣት ጫን ብላችሁ ስምንት ቁጥር እየሠራችሁ አሻሹት፤ ብልጭታው ጠፍቶ ሁሉም ቦታ እኩል ሲሻክር ይበቃል። አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፤ የጣት ወዝ ሙጫ ስለማያስይዝ ከዚያ በኋላ አትንኩት።

ሙጫውን በተመለከተ ከሁሉ የሚመከረው ወፍራሙ፣ እንደ ጄል ያለው ሱፐር ግሉ ነው። ቀጭኑ ውሃ የሚመስለው ለስላሳ ቆዳ ውስጥ ይሰርግና ታችኛውን ክፍል ድንጋይ ያደርገዋል፤ ለስላሳ ብላችሁ የገዛችሁት ቲፕ በግማሹ ጠንካራ ይሆናል። ሌላ ከሌለ ቀጭኑን ቀለበቱ ላይ እንጂ ቆዳው ላይ አታድርጉት፣ አንዲት ትንሽ ጠብታም ትበቃለች። ማስቲሽ ጫማ ላይ ጎበዝ ነው። ቲፕ ላይ ግን ደርቆም እንደ ላስቲክ ስለሚላላ ቲፑ በምት ብዛት ወደ ጎን ይንሸራተታል።

ጠብታውን መሃል ላይ አድርጉ፣ ቲፑን አስቀምጡና በሁሉም ወገን እኩል እንዲተርፍ አስተካክሉ። ከዚያ ዱላውን ገልብጣችሁ ቲፑን ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ በማሳረፍ ለአንድ ደቂቃ ቀጥ አድርጋችሁ ጫኑት። የተረፈው ሙጫ ወዲያው ይጠረግ። ማሸጊያው «በሰከንድ ይደርቃል» ቢልም ሌሊቱን ማሳደር ነው፤ ደሴ በሐምሌና በነሐሴ ጉሙ በር ድረስ በሚገባበት ወቅት በተለይ አትቸኩሉ፣ ቲፑም ዱላውም እርጥበት ስላላቸው ቤት ውስጥ አንድ ቀን ከቆዩ በኋላ ብትለጥፉ ይመረጣል።

በማግስቱ መከርከም ነው። የቀለበቱን ዙሪያ በፕላስተር ሸፍኑ። ዱላውን ገልብጡ፣ ቲፑን ለጥ ያለ ጣውላ ላይ አሳርፉና ከቀለበቱ ወደ ጣውላው፣ ማለትም ወደ ታች ብቻ፣ በስሱ እየላጣችሁ ዱላውን አዙሩ። በተቃራኒው ከተላጠ የድርብርቡ ንጣፍ ይነሳል። በአንዴ ብዙ አትላጡ። ምላጩ ከደነዘዘ ለውጡት፤ ርካሹ ዕቃ እሱ ነው። የቀረውን ጸጉር የምታህል ትርፍ በቁጥር 400 አስተካክሉ። መጨረሻ ላይ ጎኑን በትንሽ ምራቅ ወይም ውሃ አርጥባችሁ በወፍራም ጨርቅ እስኪሞቅና እስኪያብለጨልጭ አሻሹ። ይህ ጎኑን ያጠነክረዋል፤ ቲፑም ቶሎ ወደ ውጭ አይጨፈለቅም።

ቅርጹ

የስኑከር ቲፕ አናቱ ክብ ጉልላት ነው። ለ9.5 ሚሊሜትር ቲፕ ጥሩ መለኪያ 20 ሚሊሜትር ስፋት ያላት ሳንቲም ናት፤ ዛሬ ምንም የማትገዛው 5 ሳንቲማችን ልክ ናት። ጠርዟን ከቲፑ አጠገብ አቁማችሁ ስታስተያዩ ሁለቱ ክቦች አንድ ዓይነት ከሆኑ ደርሷል። ጉልላቱ ከመሃሉ እስከ ዳሩ ከአንድ ሚሊሜትር ትንሽ በላይ ይወርዳል። ለወፍራም የፑል ቲፕ ትንሽ ለጥ ያለ ይሻላል።

ጠፍጣፋ ቲፕ መሃል ላይ ሲመታ ጥሩ ይመስላል፤ ዳር ስትመቱ ግን ኳሷን የሚነካት ጠርዙ ነው፣ ወዲያው ይሸራተታል። በጣም የሾለውም በትንሽ ነጥብ ስለሚነካ ቶሎ ይጨፈለቃል። ቅርጽ ስታወጡ ወረቀቱን ከዳር ወደ መሃል እየጎተታችሁ ዱላውን በእኩል አዙሩ፤ በቁጥር 120 ጀምራችሁ በ240 ጨርሱ። ጨርሳችሁ ስታዩት ከጉልላቱ በታች ቀጥ ያለ ግድግዳ ቢያንስ ሁለት ሚሊሜትር፣ ጠቅላላ ቁመቱ ደግሞ ከአራት እስከ አምስት ሚሊሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ረጅም ከሆነ ይወላወላል።

አዲስ ቲፕ ጥቂት ሰዓት እስኪጫወቱበት ራሱን አያሳይም። በመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ጠርዙ ትንሽ ወደ ውጭ መውጣቱ የተለመደ ነው፤ አንድ ጊዜ መልሶ መከርከምና ቅርጹን ማስተካከል ነው። ውድድር ባለበት ቀን ጠዋት ቲፕ የሚቀይር ሰው ግን ራሱን ነው የሚጎዳው።

ጠመኔና አየር

የትምህርት ቤት ጠመኔ የቢሊያርድ ጠመኔን አይተካም። ዛሬ የምንጠቀምበት ኩብ እ.ኤ.አ. በ1897 አሜሪካ ውስጥ ዊሊያም ሆስኪንስና ዊሊያም ስፒንክስ የባለቤትነት መብት ያወጡበት ሲሆን፣ ዋናው ነገሩ ሲሊካና ሸካራ ብናኝ እንጂ ኖራ አይደለም። የሰሌዳው ጠመኔ ለስላሳ ዱቄት ሆኖ ቲፑን ያንሸራትተዋል፣ የጠረጴዛውንም ጨርቅ ያነጣዋል። ጠመኔውን ቲፑ ላይ አስቀምጦ እንደ መሰርሰሪያ ማሽከርከር መሃሉን ይበሳል እንጂ ዳሩን አይቀባም። እንደ ብሩሽ በስሱ እየጠራረጋችሁ ዱላውን አዙሩ፤ ዓይናችሁም ያልተቀባ ቦታ ይፈልግ። ጠመኔው በዝናብ ከራሰ አድርቆ ከመጠቀም ሌላ መግዛት ይሻላል።

ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ ብርዷና እርጥበቷ የታወቀ ነው። በሐረጎ ቁልቁል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ሙቀቱም ድርቀቱም ይጨምራል። ቆዳ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፤ ሲደርቅ ይጠነክራል። አንድ ቀን ወርዶ የተመለሰ ዱላ ብዙ አይለወጥም። ክረምቱን ሙሉ ደሴ በእርጥብ ክፍል የከረመ ዱላ በበጋ ኮምቦልቻ ሲቀመጥ ግን እንጨቱ ይሟሽሻል፣ ነሐሱ አይሟሽሽም፤ ቀለበቱ ሊላላ የሚችለው ያኔ ነው። ስለዚህ ደሴ የሚጫወት ሰው በክረምት ከለስላሳ ይልቅ መካከለኛ ቢይዝ፣ ኮምቦልቻ የሚጫወት ደግሞ በበጋ ወደ ለስላሳው ቢያዘነብል አይከፋም። ዱላ በፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ አይተው፤ ሱፐር ግሉ ሙቀት አይወድም፣ እንጨቱም ይጎብጣል። ግድግዳ ላይ አጋድሞ ማቆየትም እንዲሁ ነው፤ ወይ በቦርሳው ለጥ ይበል ወይ ቀጥ ብሎ ይሰቀል።

ሲበላሽ እንዴት ይታወቃል

ቲፑ እንደ ቆርቆሮ ካብለጨለጨና ጠመኔ ካንሸራተተ አናቱ ታምቋል። በቁጥር 240 ሁለት ሦስት ጊዜ በስሱ ነካ አድርጉት፤ ወይም ወረቀቱን ጫን ጫን እያደረጋችሁ ሳትጎትቱ ቀዳዳ ቀዳዳ አውጡለት። በየጨዋታው በሞረድ የሚፈትግ ሰው ቲፑን በወር ይጨርሰዋል።

ስትመቱ «ጠቅ» የሚል ትርፍ ድምፅ ካለ ሦስት ቦታ ፈልጉ። ቲፑን በሁለት ጣት ይዛችሁ ወደ ጎን ግፉት፤ ከተንቀሳቀሰ ሙጫው ነው። ቲፑ ካልተንቀሳቀሰ ቀለበቱን ጠምዝዙት፤ ከዞረ የላላው እሱ ነው፣ ቲፑ ተነቅሎ ቀለበቱ እንደገና ይለጠፋል። ሁለቱም ጤነኛ ከሆኑ የዱላው መጋጠሚያ አልጠበቀም ማለት ነው።

ነጯ ቀጥታ መትታችኋት ወደ ጎን የምትሄድ ከሆነ ዱላውን በዓይናችሁ ትክክል አድርጋችሁ በረጅሙ ተመልከቱ፤ ጉልላቱ ወደ አንድ ወገን ያደላ ሊሆን ይችላል። አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሸራተት ከሆነም ምክንያቱ ያው ነው። ድርብርብ ቲፕ ጎኑ ላይ ቀጭን መስመር ካሳየ በጠብታ ሱፐር ግሉ ለጊዜው ይያዛል፤ ከላይ ያለው ንጣፍ ብቻ ከሆነ ደግሞ እሱን አውጥቶ ቅርጹን መልሶ መሥራት ይቻላል። መስመሩ ከታች ከሆነ መቀየር ነው።

የጎኑ ግድግዳ ከአንድ ሚሊሜትር ተኩል በታች ሲወርድ ቲፑ አልቋል። ከዚያ በኋላ ምቱን የሚሸከመው ቆዳው ሳይሆን ሙጫውና ነሐሱ ስለሚሆን ቀለበቱ ይጎዳል፤ እንጨቱም ከጫፍ መሰንጠቅ ይጀምራል።

ፑል ቤት ላላቸው አንድ ነገር እንጨምር። ርካሽ ዱላዎች ላይ የሚገኘው ጥርስ ያለውና የሚጠመዘዘው ቲፕ ለመቀየር ቀላል ነው፣ በምት ብዛት ግን ይላላል፤ ላልቶም ሲመታ የዱላውን ጥርስ ይበላዋል። ጠዋት ቤቱ ሲከፈት እያንዳንዱን በጣት ማጥበቅ ልማድ ይሁን፤ ጥርሱ የተበላውን ዱላ ደግሞ ቶርኖ ቤት ወስዶ ጫፉን አስቆርጦ በነሐስ ቀለበት አስገጥሞ በሙጫ ወደሚለጠፈው መለወጥ ነው። ከአራት አምስት ዱላ ሁለቱ እንኳ እንዲህ ቢሠሩ ደንበኛው ዱላ ሲያማርጥ የሚያነሳው እነሱን ነው።